የቀዘቀዙት የድርጭት እንቁላሎች

ስጦታ ዕድሜዋን የገፋችው በስሜን ተራሮች ካምፖች ለቱሪስት ምግብ ስታበስል ነው። ሳንቃበር ላይ ውርጭ እያንዘፈዘፋት ሾርባ ጥዳለች፤ ጨነቅ ላይ ነፋስ ድንኳኑን ሲገነጥለው ድስቷን ይዛ ታግላለች። ጦርነቱ መጥቶ እንግዳው ሲቀር ሙያዋም አብሮ ቀረ። እጇን አጣምራ መዋል ያልለመደች ናትና፣ ጎንደር ወዳጇ ቤት ሄዳ ድርጭት ስታይ ልቧ እዚያው ቀረ።

የቤት ድርጭት እንቁላሏን አትታቀፍም፤ ማስፈልፈያ ያስፈልጋታል። ስጦታ ደባርቅ ቤቷ ውስጥ ያለ የተበላሸ ፍሪጅን ማስፈልፈያ ልታደርገው አምፖል አስገጠመችበት፤ የሙቀት መለኪያ ሰቀለች፤ ከሥሩም በሳህን ውሃ አኖረች። ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙ የማይበልጡትን ዝንጉርጉር እንቁላሎች ከጎንደር እስከ ደባርቅ ጭኗ ላይ ይዛ መጣች። በየሰዓቱ ስታገላብጣቸው ባሏ ደርቤ "እኔን እንኳ ታምሜ እንዲህ አላገላበጥሽኝም" እያለ ይስቅባታል።

ሊፈለፈሉ አንድ ሁለት ቀን ሲቀራቸው የከተማው መብራት ጠፋ። ስጦታ ውሃ እያፈላች በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላች፤ እንቁላሎቹን ከበበችበት፤ ፍሪጁን በጋቢ ጠቀለለችው። መብራቱ ግን ሄዶ ቀረ። ወደ ንጋት ላይ ድካም ጥሏት ኖሮ፣ ብንን ስትል ጠርሙሶቹ ቀዝቅዘዋል፤ እንቁላሎቹም እንደ ወንዝ ጠጠር በርደዋል።

"በቃ፣ ሞተዋል" አላት ደርቤ። "ጉድጓድ ልቆፍርና ልቅበራቸው።"

"ቆይ እስቲ፣ አንዱን ሰብሬ ልየው።"

ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀመጠችና በማንኪያ ጫፍ ቀስ ብላ መታችው። የተበላሸ ውሃ ይፈስሳል ብላ ስትጠብቅ እርጥብ ጸጉር ታያት። ምንቃር፣ የተጣጠፈች እግር፣ የተጨፈኑ ዓይኖች፤ ምንም ያልጎደላት ጫጩት። ከዚያ ምንቃሯ ተከፈተ።

ጫጩቷ የስጦታ መዳፍ ላይ ተንፈራገጠች፤ ከሆዷ ሥር ቀጭን ደም ፈሰሰ፤ አንገቷን ደፋች። አለቀ።

"ደርቤ! በሕይወት ነበረች! እኔው ገደልኋት!"

ደርቤ አካፋውን ጥሎ ሮጠ። የሞተችውን ከሚስቱ እጅ ተቀበላት። ስጦታ ግን ድንገት ዘልላ ተነሣች። "ሌሎቹ!" ብላ ጮኸች። የቀሩትን በነጠላዋ ቋጥራ ከቀሚሷ ውስጥ ሆዷ ላይ አሰረቻቸው።

ጎረቤታቸው አባ ሀብተ ሚካኤል ጩኸቱን ሰምተው መቋሚያቸውን እንደያዙ ገቡ። ሰው የሞተ መስሏቸዋል።

"ምን ሆናችሁ ልጆቼ?"

"አባ፣ ሞቷል ብዬ ሕያው ነፍስ ሰበርሁ። ምን ይሻለኛል?"

ካህኑ የሞተችውን ጫጩት ጎንበስ ብለው አዩ። "ሳታውቂ ነው" አሉ። "አሁን የቀሩትን አሙቂ። እኛ ቤት ከሰል ተያይዟል፤ ደርቤ ይምጣና ይውሰድ።"

ስጦታ ከከሰሉ አጠገብ፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ እህል ሳትቀምስ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ሆዷን አንድ ነገር ቧጠጣት። ክው አለች። ወዲያው ከቀሚሷ ውስጥ ጭው ጭው የሚል ቀጭን ድምፅ ወጣ።

"በስመ አብ!" ደርቤ ወደ ኋላው ተፈናጥሮ አማተበ። "ከአንቺ ነው የሚጮኸው?"

ስጦታ ነጠላውን ስትፈታ ጢንዚዛ የምታክል ጫጩት ቅርፊቷን እንደ ቆብ ደፍታ ወጣች። አንዷን ሌላዋ ተከተለቻት። መብራቱ ሲመለስ ወደ ፍሪጁ አዛወረቻቸው። ከግማሽ የሚበልጡት ተፈለፈሉ፤ የቀሩት እንደ ተዘጉ ቀሩ።

የዚያን ጊዜ ጫጩቶች ዛሬ እንቁላል ጥለው፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። የከተማው ሆቴሎችም እንቁላል ከእሷ ይወስዳሉ። ማስፈልፈል ሊማሩ ለሚመጡ ሴቶች መጀመሪያ የምትነግራቸው ስለ ሰበረቻት ጫጩት ነው። ቀኑ ያለፈበት እንቁላል ሲኖርም ቶሎ አትጥልም። ደርቤ "ገማ እኮ!" ሲላት፣

"ይግማ" ትለዋለች።