ያልተነቀለው ፒን

ወንድሜ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ተዋጊ አውሮፕላን ያበርር ነበር። ሜዳሊያው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ፤ አቧራውን የምወለውለው እኔ ነኝ። እንግዳ መጥቶ "እስቲ እንዴት እንደነበር ንገረን" ሲለው፣ "ሻይ ይቅረብልህ" ብሎ ወሬውን ይቀይረዋል። እሱ ካልተናገረ እንግዲህ የምናገረው እኔ ነኝ። ትምህርቴን በልጅነቴ ትቼ ቤት የገባሁ ሰው ነኝና ከመጽሐፍ ያገኘሁት የለም። ስለ አውሮፕላን የማውቀው እሱና መካኒኩ ጠረጴዛችን ላይ ሲጨቃጨቁ የሰማሁትን ነው።

መካኒኩን ሁሉም "ቡሎን" ይሉታል። ከኪሱ ቡሎን ስለማይጠፋ ነው ስሙ የወጣለት። ወንድሜ የሚያበርረውን አውሮፕላን የሚያዘጋጀው እሱ ነበር።

እነሱ ዘንድ አንድ ደንብ አለ። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ መሣሪያው በስህተት እንዳይተኩስ፣ ወንበሩም እንዳይፈናጠር ፒን የሚሉት ቀጭን ብረት ይሰካበታል። ወንበሩ ያልኩት አውሮፕላኑ ሲመታ አብራሪውን ይዞ ወደ ላይ የሚወረወረውን ነው። በየፒኑ ላይ ቀይ ሪባን ይንጠለጠላል። ሊነሳ ሲል መካኒኩ ፒኖቹን ሁሉ ይነቅልና ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ፊት ቆሞ፣ የነቀላቸውን በእጁ ከፍ አድርጎ ያሳያል። አብራሪው አይቶ አውራ ጣቱን ያነሳል። ከዚያ በኋላ ነው የሚሄደው።

በጦርነቱ አንድ ቀን ግን የአየር ኃይሉ ሜዳ በቦምብ ይደበደብ ነበር። ከድልድይ ማዶ የእኛ ወታደሮች ተከበው ስለነበር ሁለት አውሮፕላን በጥድፊያ ተነሳ። አንዱ ገና ሳይደርስ ተመቶ ተመለሰ። ወንድሜ ብቻውን ገባ። ድልድዩን የዘጉትን ታንኮች መታ፤ ዞረና ደገመ። ጥይቱ ካለቀ በኋላ እንኳን አልተመለሰም። ዝቅ ብሎ በጠላት አናት ላይ ይመላለስ ጀመር፤ ባዶውን መሆኑን እነሱ በምን ያውቃሉ? ሁሉም ወደ ላይ፣ ወደ እሱ ሲተኩስ የእኛዎቹ ተሻገሩ። እሱ ተመታ። ከተሻገሩት ወታደሮች አንዱ ቤታችን መጥቶ እንደነገረን፣ አውሮፕላኑ ከኮረብታው ጀርባ ወደቀ። ጃንጥላ ሲከፈት አላየም።

ሞቷል ተብሎ ሜዳሊያውን የተቀበለችው እናታችን ናት። ያኔ ወስዳ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

ከዚያ ወዲህ ቡሎን በየእሁዱ መምጣት ጀመረ። በር ያቃናል፣ ጣሪያ ይደፍናል፣ ያልተበላሸውንም ፈቶ ይገጥማል።

"አንተ ልጅ፣" ትለዋለች እናቴ፣ "ሚስት የማታገባው የእኛ ቤት አላልቅ ብሎህ ነው?"

አንገቱን ደፍቶ ፈገግ ይላል። እሷ ግን የዘገየ እንደሆነ ዓይኗ በር በሩን ነው።

እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። አንድ እሁድ የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበርና፣ እሱ ተንበርክኮ ሲፈታ እኔ ባትሪ አበራለታለሁ።

"እትዬ፣" አለኝ ቀና ሳይል፣ "ወንድምዎን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

"ምን ትላለህ አንተ?"

"የወንበሩን ፒን አልነቀልኩትም። እሱ ከተነሳ በኋላ ቦርሳዬን ሳየው አንድ ጎደለኝ። ወንበሩ እምቢ ብሎት ነው፤ እንደተቀመጠ ነው የወደቀው።"

"ለእናቴ እንዳትነግራት" አልኩት። ቧንቧውን በጨርቅ ጠምጥሞ አሰረና "በሚቀጥለው እሁድ የቧንቧውን ጎማ ገዝቼ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ።

ሳምንቱ ሳይሞላ እስረኞች ሊለዋወጡ መሆኑ በሬዲዮ ተነገረ። የወንድሜ ስም ተጠራ። እናቴ ማሰሮ ይዛ ቆማ ነበር፤ እንደያዘችው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ቡሎን ያን እሁድ አልመጣም። በሌላውም ቀረ። ኋላ ከአየር ኃይል ለቆ ጋራዥ ገባ ሲሉ ሰማን።

ወንድሜ አንድ እግሩ አጥሮ፣ የፊት ጥርሱ ረግፎ መጣ።

"አጥንትህን ብቻ ነው እንዴ የላኩልኝ?" አለችው እናቴ ፊቱን እየዳሰሰች።

"ሥጋው ኬላ ላይ ተቀረጠ" አላት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ "ቡሎን የት አለ?" ሲል ጠየቀኝ። ከኪሱ አንድ ቀጭን ብረት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። የነተበ ጨርቅ ተንጠልጥሎበታል። አይቼው ባላውቅም አወቅኩት።

"ነግሮሻል ማለት ነው" አለኝ ፊቴን አይቶ።

ያኔ ነው የነገረኝ። ሲመታ እጀታውን ሳበ፤ ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ጭሱ መሀል በዳበሳ ሪባኑን አገኘ፣ ፒኑን ነቀለና እንደገና ሳበ። ወጣ፤ ግን መሬት ቀርቦ ነበር። ጃንጥላው በወጉ ሳይነፋ ድንጋይ ላይ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ጠላቶች ሲይዙት ፒኑ ጭብጡ ውስጥ ነበር።

መርማሪው ነገሩ ወዲያው ገባው። "የራስህ መካኒክ ነው ሊገድልህ የነበረው፤ 'ወገኖቼ ሊገድሉኝ ነበር' ብለህ በሬዲዮ ተናገር። ዛሬውኑ ሐኪም እግርህን ያያል" አለው። ወንድሜ ስሙንና ማዕረጉን ብቻ ነገረው። ደበደቡት። እግሩ አብጦ ሲጠቁር ተመልሰው መጡ፤ ያንኑ መለሰላቸው። በመጨረሻ መርማሪው ፒኑን ወረወረለትና "ያዘው፤ እያየኸው አስብበት" ብሎት ሄደ። አብሮት የታሰረ ወታደር እግሩን በጣውላ አሰረለት፤ አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ። ፒኑንስ? እንደ ወስፌ የእስረኞቹን ጫማ ሲሰፋበት ኖረ።

"በቡሎን አልተናደድክም?" አልኩት።

"ጋራዡ የት ነው?" አለኝ።

አብሬው ሄድኩ። ታክሲ ላይ ለብቻው መውጣት ስለማይችል ነው፤ ደግሞም ምን ያደርገው ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ። ስንደርስ ከአንድ የጭነት መኪና ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ወንድሜ ጫማውን በምርኩዙ ቆረቆረው።

"ውጣ ከዚያ! ይሄ እንደሁ አይበርም፣ ምን ትደክማለህ?"

ቡሎን ፊቱ ዘይት እንደተቀባ ብቅ አለ። መጀመሪያ የወንድሜን እግር፣ ቀጥሎ በእጁ የያዘውን ፒን አየ። ከመሬት አልተነሳም።

"እግርዎ በእኔ ነው፣ ሻምበል።"

"ፒኑን ልትነቅል መሰላሉን ስትወጣ 'ውረድና ተደበቅ' ብሎ የገፈተረህ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"ፒኖቹን ሳያይ የተነሳውስ?"

"እርስዎ። መንቀሉ ግን የእኔ ሥራ ነበር።"

"ማየቱም የእኔ ነበር።"

"ቢገፉኝም ተመልሼ መውጣት ነበረብኝ።"

"ብትወጣ በእርግጫ ነበር የምመልስህ። ያኔ እግር ነበረኝ።"

የጋራዡ ሰዎች ሳቁ። ቡሎን አልሳቀም። እኔ አላስቻለኝም፤ "በአንተ ላይ ተናገርና እግርህን እናክምልህ ብለውት ነበር" አልኩ።

ቡሎን ቀና ብሎ አየው። "ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ውሸት ነዋ" አለ ወንድሜ።

ፒኑን እጁ ላይ አኖረለት። ከዚያ እያነከሰ ራቅ ብሎ ሄዶ የተጣለ ጎማ ላይ ተቀመጠና "አሳየኝ" አለው።

ቡሎን ተነሳ። እጁን በቱታው ጠረገ። ፊት ለፊቱ ቆሞ ፒኑን ከፍ አደረገው። ሪባኑ ቀይ እንደነበር የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ወንድሜ ሳይቸኩል አየውና አውራ ጣቱን አነሳ። ቡሎን ክንዱን ለማውረድ ቆየ።

እሁድ የቧንቧውን ጎማ ይዞ መጣ።

"ከየት አገር ነው ያስመጣኸው?" አለችው እናቴ በሩን ስትከፍት።

ቡሎን ዋናውን የውሃ መዝጊያ ሳይዘጋ ያሰረውን ጨርቅ ፈታና ውሃው ኩሽናውን አጥለቀለቀው። ወንድሜ ከወንበሩ ሆኖ "ይኸው! አሁንም መጀመሪያ አላየም!" እያለ ይስቃል። ወለሉን የወለወልኩት እኔ ነኝ።