ለቤተሰብ ብቻ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቤት የተከራየ ሰው ከሁሉ በፊት የሚለምደው አፍንጫውን መያዝ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተከፍቶ ተማሪው ከየአገሩ መጉረፍ ከጀመረ ወዲህ የከተማው ሰው ጓሮውን በሙሉ ክፍል አደረገው። ጎመን ይበቅልበት የነበረው ክፍል ሆነ፤ በሬ ይታሰርበት የነበረው ክፍል ሆነ፤ የዶሮው ቆጥ እንኳ ተነቅሎ፣ ግድግዳው ኖራ ተቀብቶ «ለተማሪ ይበቃል» ተባለ። ሰዉ ሲበዛ አብሮ ያልበዛው ሽንት ቤቱ ብቻ ነው። በየግቢው ያው የድሮው ጉድጓድ አለ፤ ያንኑ ሁላችንም እንካፈላለን።

እኔ እንኳ ተማሪ አልነበርኩም። ስለ አፈር የማስተምር፣ አዲስ የተቀጠርኩ ረዳት መምህርት ነበርኩ። ደላላው ግን ልዩነቱ አልታየውም፤ «ንጹሕ ግቢ ነው፣ አከራይዋም ጨዋ ናት» እያለ ወስዶ ከጓሮ ካሉት ክፍሎች ያንዱን ቁልፍ አስያዘኝ። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ከረጢቱ ላይ አይጥ ሲሮጥ እግሩ የት የት እንዳረፈ ከታች ይታያል። ይህን ሁሉ ችያለሁ። ገጠር ተወልጄ ያደግሁ ነኝና አይጥና ጭቃ አያስደነግጡኝም።

አከራዬ ልጆቿን ድራ፣ ባሏን ቀብራ ትልቁ ቤት ውስጥ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት። ፊት ለፊት «እትዬ» እና «እርስዎ» እላት ነበር፤ እዚህ ላይ ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ አለኝ። አፏ ማር ነው። የገባሁ ዕለት ሁለት እጄን ይዛ፣ ተከራይ የሚባል ነገር እንደማታውቅ፣ ጓሮ ያለው ሁሉ ልጇ እንደሆነ፣ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ቤተሰብ እንደሆንኩ ነገረችኝ። የቤተሰብነቱ ትርጉም የገባኝ ቀስ እያለ ነው። ግቢ ሲጠረግ ቤተሰብ ነኝ፤ ዘንቢሏን ከገበያ ስሸከም ቤተሰብ ነኝ፤ ኪራይ ሲጨመርም «ቤተሰብ ባትሆኚ በዚህ አልተውሽም ነበር» እባላለሁ። የኤሌክትሪክ ምድጃ መሰካት ክልክል ነው። ቧንቧው ትንሽ ቆየት ብሎ ከተከፈተ የትም ብትሆን ሰምታ ብቅ ትላለች፤ አትቆጣም፣ ጀሪካኑን እያየች «ልጄ፣ እየፈሰሰ እኮ ነው» ትላለች እንጂ።

ከትልቁ ቤት ጎን ሰድል የተነጠፈበት፣ ውሃ የሚለቀቅበት ሽንት ቤት ነበራት። በሩ ላይ «ለቤተሰብ ብቻ» የሚል ካርቶን ተለጥፎ በቁልፍ ይቆለፋል። እዚያ በር ላይ ስንደርስ ቤተሰብነታችን ያበቃል።

የኛው ሽንት ቤት ከጓሮው የጌሾ ተክል ጀርባ ነው። እንዴት ብዬ እንደምናገረው አላውቅም። ወለሉ ግንድ ነው፤ ግንዱ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ምን እንዳረጠበው ማንም አይጠይቅም። ጉድጓዱን ስቶ የሚወጣ አለ፤ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍ አለ፤ «እኔ አይደለሁም» የሚለው ሁሉ ነው። የቆርቆሮው በር መቀርቀሪያ ስለሌለው የተቀመጠ ሰው ሽቦውን በእጁ ስቦ መያዝ አለበት፤ ሽቦውም ያጣብቃል። ዝንቡ ከታች ተነሥቶ መጥቶ ከንፈር ላይ ያርፋል። ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ተማሪዎቹ ወረቀት ይሰኩበታል። አንድ ጠዋት እኔው ያዘጋጀሁትን፣ ስለ አፈር ለምነት ለክፍሌ ያደልኩትን ሃንድአውት ሚስማሩ ላይ አገኘሁት፤ ግማሹ ተቀዷል። ትምህርቴ ተግባር ላይ ዋለ ብዬ ሳቅሁ። ሳቄን ሳልጨርስ ግን ወጥቼ አስመለሰኝ።

ከሁሉ የሚያስጠላኝ መልመዴ ነው። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሻይ ስንጠጣ ወሬያችን ይኸው ነበር፤ የማን ግቢ ይብሳል እየተባባልን እንስቃለን። የተማረ ሰው ነን የምንል ሁሉ፣ ከረባት ያሠረውም ጭምር፣ ጠዋት ጠዋት አፍንጫውን ይዞ ወጥቶ ነው ስለ ሥልጣኔ የሚያስተምረው። ማንም ግን ለአከራዩ አፍ አውጥቶ አይናገርም። ውጣ ቢባል የት ይደርሳል?

እንዲህ ባለው ግቢ ነው እናቴ እንግዳ ሆና የመጣችው። ከሮብ ገበያ በላይ፣ ጮቄ ተራራ ሥር ነው የምትኖረው። ጎኗን ይዟት ከርሞ ሲብስባት መኪና አሳፈሯት፤ እኔ ተቀብዬ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ኩላሊቷ ላይ ጠጠር እንዳለ፣ ጠጠሩ ትንሽ ስለሆነም በውሃ ሊወጣ እንደሚችል ነገረን። መድኃኒት አዘዘላት፤ ከመድኃኒቱ ይልቅ ግን ውሃውን ደጋግሞ አስጠነቀቀን። ቀኑን ሙሉ ትጠጣ፣ ውሃ ካነሳት ኩላሊቷ ይጎዳል፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዳር ሄዶ መቀደድ ይመጣል አለ። አገሯ ሄዳ ለቀጠሮዋ እንዳትመለስ መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ይዘጋል። ስለዚህ እኔ ዘንድ ተቀመጠች።

የመጣች ዕለት፣ ሲመሻሽ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ተነሣችና «ሜዳው ወዴት ነው?» አለችኝ። እኛ አገር ሰው «ሜዳ ልውጣ» ብሎ ነው የሚነሣው፤ የሚወጣበትም ሜዳ አለው፤ ፀሐይና ነፋስ ያጸዱታል። ከጌሾው ጀርባ መርቻት ሽቦውን ከውጭ ያዝኩላት። ገብታ ወዲያው ወጣች። ጀሪካኑን አንሥታ እግሯን አጠበች፤ ደግማ አጠበች፤ የቀሚሷን ጫፍ አጠበች። ክፍሌ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ፣ እናንተ እዚህ እየኖራችሁ ነው የምትማሩት ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ እየኖርኩ ነው የማስተምረው ማለት አፈርኩ።

ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ሥራ ስሄድ አንድ ጆግ ውሃ ሞልቼ አጠገቧ አስቀምጣለሁ፤ ስመለስ ባዶ አገኘዋለሁ፤ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ትምህርቱ ቀረና ቀድሜ መጣሁ። እናቴ ጆጉን ይዛ ጎንበስ ብላ ጌሾው ሥር ትደፋለች። ስታየኝ እንደተያዘ ሌባ ደነገጠች። ከጠጣሁ መውጣት ይመጣል፣ እዚያ ደግሞ ነፍሴ አልገባ አለች አለችኝ። ክፍል ውስጥ ባልዲ ላስቀምጥልሽ ብላት፣ ልጇ፣ ያውም አስተማሪ የሆነች ልጇ፣ የሷን ባልዲ ተሸክማ በተማሪዎቿ መካከል ስታልፍ ከምታይ ሞቷን እንደምትመርጥ ነገረችኝ። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ። ግድየለም፣ አገሬ ስገባ እጠጣዋለሁ አለች።

ጓንት ገዝቼ የጉድጓዱን ግንድ ራሴ ልብሴን ሰብስቤ በበረኪና ፈተግሁት። ከሰዓት በኋላ ያው ሆኖ ጠበቀኝ። ደላላውን ይዤ ሌላ ቤት ዞርኩ። የሚታየው ሁሉ ከዚያው የባሰ ነው፤ የታመመች እናት ይዤ እንደምመጣ ሲሰሙ ደግሞ በሩን ገርበብ ያደርጉታል። በሽተኛ ውሃ ያበዛል አለችኝ አንዷ፣ ፊት ለፊት።

ያን ጊዜ አከራዬ ዘንድ ገባሁ። ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ደረቷን መታች፤ እግዚአብሔር ይማርልሽ አለችኝ። እስከ ቀጠሮዋ ድረስ በሰድሉ ሽንት ቤት ትጠቀም ብዬ ስለምናት ግን ፊቷ ተለወጠ። ለሌሎቹ ምን ልትል ነው? ዛሬ ለአንዷ የተከፈተ ነገ ጓሮው በሙሉ ይሰለፍበታል።

«ልጄ፣ እናትሽን ጠልቼ እኮ አይደለም» አለችኝ። «የገጠር ሰው ናቸው፤ አይችሉበትም ብዬ ነው።»

«ቤተሰብ ነሽ ብለውኝ አልነበር፣ እትዬ?»

ያልገባት መስላ ነጠላዋን አስተካከለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቁልፉን ከመሀረቧ ፈታችና፣ እስቲ ዛሬ ይሞክሩት፣ እኔው አሳያቸዋለሁ አለች።

አሳየቻት። በሩ አጠገብ ቆማ፣ ጓሮው ሁሉ እየሰማ፣ እንዲህ ነው የሚቀመጡት፣ እላዩ ላይ እንዳይወጡ፣ ይህን አንዴ ብቻ ነው የሚጫኑት፣ ውሃው ይቆጥራል እያለች ለሕፃን እንደሚነገር ነገረቻት። በሰርግም በለቅሶም አገር የሚያስቀድማት እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ስትወጣ እጅ ነሥታ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ» አለቻት። ደጃፋችን ላይ ገና ከመድረሳችን አከራዬ ባልዲና በረኪና ይዛ ገባች። ወለሉን ፈተገች፣ መቀመጫውን ፈተገች፣ እናቴ የነካችውን የበሩን እጀታ ሳይቀር ፈተገች። የበረኪናው ሽታ እኛ ድረስ መጣ። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እስክትጨርስ ድረስ አዳመጠቻት።

«አየሽ ልጄ» አለችኝ፣ «አሁን የምታጥበው እኔን ነው።»

ከዚያ በኋላ የግድ ካልሆነባት በቀር አልተነሣችም። ውሃ ሳቀርብላት ለኔ ስትል ከንፈሯን ታረጥብና ኩባያውን ትመልስልኛለች። እንጀራም ቀነሰች። ፊቷ ጠወለገ፤ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። እኔ ጠዋት ስወጣ አከራዬ በር ላይ ጠብቃ «እናትሽ እንዴት አደሩ?» ትለኛለች። ያን የማር አፏን በጓሮው ሽቦ ብጠርግላት እያልኩ፣ ደኅና ናት እትዬ እላታለሁ። እሷን ማየት ራሱ ያቅለሸልሸኝ ጀመር፤ ሳቋ፣ የነጠላዋ ንጣት፣ «ልጄ» ማለቷ። ከጌሾው ጀርባ ያለው ቢያንስ ምን እንደሆነ አይደብቅም።

ቀጠሮው ሳይደርስ ትኩሳት ያዛት። ባጃጅ ውስጥ እቅፌ ላይ ሆና ትንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሙ መርምሯት ሲያበቃ ወደኔ ዞሮ፣ ውሃ አልሰጠሻትም ወይ አለኝ። አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ፤ ልጄ ሰጥታኛለች፣ እኔው ነኝ ውሃ አልወድ ያልኩት አለችው። የሆነውን ለወንድ ሐኪም መንገር ለሷ ነውር ነው፤ እኔንም በዓይኗ አስጠነቀቀችኝ። በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ተላከች። ጠጠሩን ሊያወጡ ሲከፍቷት ኩላሊቱ መግል ቋጥሮ አገኙትና ኩላሊቱን አወጡት። ሰው በአንዱም ይኖራል አሉን፤ ይኸው ትኖራለች። ኩላሊቷን የወሰደው ጠጠር ነው ብሎ የሚያሳምነኝ ሐኪም ግን እስካሁን አላገኘሁም።

አገሯ አድርሻት ስመለስ ዕቃዬን ላወጣ ወደ ግቢው ሄድኩ። ሽታው ገና ከበሩ ተቀበለኝ። ፍራሼን ጠቅልዬ ባጃጅ ላይ ሳስጭን አከራዬ ወጣች። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፤ መቀደዷን ስነግራት እንደ ልማዷ ደረቷን መታች። ከዚያ ትከሻዬን ይዛ የክፍሉን ባዶ መሆን፣ የዛሬ ተማሪን ረባሽነት ታጫውተኝ ጀመር።

«እንደ እናትሽ ያለ ሰው የት ይገኛል?» አለችኝ። «መኖራቸው እንኳ አይታወቅም ነበር።»

«እናቴ እኮ ውሃ አትጠጣም ነበር፣ እትዬ» አልኳት።

«እውነትሽን ነው» አለች ራሷን እየነቀነቀች፣ «ውሃ እንኳ አላባከኑብንም።»