ከቢጫው ቀሚስ ሥር

ወሎ ሰፈር የሴቶች ልብስ ቅድ እያወጣች የምትሰፋው ብርነሽ የማትሽረው አንድ ሥርዓት ነበራት፤ ደንበኛዋን አጥብቃ ሳትጠይቅ ጨርቅ አትቆርጥም። ልብሱ የት ይለበሳል? ማን ፊት? ተቀምጠው ነው ቆመው? ደንበኛ ያልተናገረውን በግምት መስፋት ለእርሷ ስንፍና ነበር።

በ1970 ዓ.ም. መጋቢት፣ አንድ ረፋድ ላይ ወይዘሮ የሺአረግ ቢጫ ጨርቅ አቅፈው ገቡ። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ጓድ ተናኜ ቀሚሷን ልትለካ ቀድማ ተቀምጣለች። አይተዋት ቢመለሱ ራስን ማስጠርጠር ነው። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «ገበሩ ከሥሩ አለ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ብርነሽ ገበሩን ስባ አወጣችው። «ጥቁር? እማማ፣ ለቢጫ ጥቁር ምን ይሠራል? የት ሊለብሱት ነው?»

የሺአረግ ገበሩን መልሰው ከቢጫው ሥር ሊከቱት እጃቸውን ዘረጉ። ያን ጊዜ ነገሩ ለብርነሽ ገባት። የሴትዮዋ ልጅ ገሰሰ «ፀረ አብዮት» ተብሎ ከተገደለ ሳምንቱ ነው። ለእንዲህ ያለ ሟች ማልቀስም ሆነ ከል መልበስ ያሳስራል። እርሷ ደግሞ ኀዘናቸውን ከተደበቀበት አውጥታ ሊቀመንበሯ ፊት ዘርግታዋለች።

ተናኜ ተነሥታ ጥቁሩን ጨርቅ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። «እውነትም፣ ምን ይሠራል?»

«ኧረ ስሕተቱ የእኔ ነው፣ ጓድ!» አለች ብርነሽ፣ እንደ ምንም ሣቅ ብላ። «ቢጫው ስስ ነው፤ ፀሐይ ላይ ገላ ያሳያል። ነጭ ገበር ደግሞ እንኳን እዚህ ሾላ ገበያም ጠፍቷል። በተገኘው መሸፈን ነው እንጂ!»

ተናኜ ዐይኗን ከአሮጊቷ ፊት ሳትነቅል ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። «መልካም። እሑድ ስብሰባ ላይ ፊተኛው ወንበር እንይዝልዎታለን፣ እማማ። አደይ አበባ መስለው ይመጣሉ!»

«እመጣለሁ» አሉ የሺአረግ።

ሊቀመንበሯ ተለክታ ወጣች። ብርነሽ ነፍስ ይማር ልትል ከጀለች፤ ነገር ግን በሩ ክፍት ነው፤ መንገደኛ ይተላለፋል። ሜትሯን ይዛ እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«እማማ፣ ገበሩ እስከ ጉልበት ይብቃ ወይስ እስከ ታች ይውረድ?»

«እስከ ታች ይውረድ፣ ልጄ።»

«እጅጌውስ?»

«እጅጌውም ይኑረው።»

«ደረቱስ፣ እማማ?»

የሺአረግ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አሳረፉ። «ደረቱን ድርብ አድርጊልኝ።»