መንደሬን ለጦር ቃል ኪዳን አልሰጥም ያልኩ ጊዜ

ወገዳ ጤና ጣቢያ በነርስነት ተመድቤ በሄድኩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ ሰኔ ላይ ዝናቡ ጠንክሮ የመኪናው መንገድ በጭቃ ተያዘ። ኔትወርኩም አብሮ ጠፋ። መካነ ኢየሱስ ላሉት እናቴና እህቶቼ መደወል ቀረ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተረኛ ካልሆንኩ፣ በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ከማዳመጥ በቀር የምሠራው አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ፣ ግብርና ጽሕፈት ቤት የምትሠራ ጎረቤቴ በሬን አንኳኩታ «ነይ፣ ሀገር እንሰጥሻለን» አለችኝ።

ሀገሩ ያለው ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ከመምህራኑ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነበር። የፊዚክስ መምህሩ አራት ትልልቅ ወረቀት በፕላስተር አያይዞ፣ የትም የሌለ ዓለም ሥሎበታል፦ ረዓይት የሚባሉ ግዙፋን የሚኖሩበት ጥቁር ገደል፣ ክንፍ ያላቸው ፈረሶች የሚሰማሩበት ደጋ፣ ዛፎቹ እርስ በርስ የሚያወሩበት ጫካ። ወታደሩ እህል ነው። ደጋው የርዕሰ መምህሩ ነው፤ ጦራቸው ባቄላ። ጫካው የጎረቤቴ ነው፤ ጦሯ ሽንብራ። ገደሉን የያዘው የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሲሆን፣ ረዓይቱ በቆሎ ናቸው። ውጊያ ሲነሣ የፊዚክስ መምህሩ ከኩባያ ዕጣ ያወጣል። ዳኛው እሱ ስለሆነ የራሱ ሀገር የለውም።

ለእኔ የቀረችኝ መሐል ላይ የተሣለች አርባ ጎጆ ያላት መንደር ነበረች። ሠላሳ ፍሬ ምስር ተቆጠረልኝ።

«አንድ ነገር ግን አለሽ» አለኝ ዳኛው፣ አዝኖልኝ መሰለኝ። «ጠበል። የቆሰለ ወታደር አንድ ዙር እዚያ ከቆየ ይድናል።»

የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ክፍል የሚሞላ፣ ከተማው ሁሉ ተነሥቶ የሚያሳልፋቸው ሰው ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ እኔና ጫካው የጦር ቃል ኪዳን አለን። አንቺም ትገቢያለሽ። ሃያ ምስር ለጦሩ ትሰጫለሽ፤ ባቄላዎቼ በርሽ ላይ ይሰፍራሉ፤ ጠበሉ ለእኛ ወታደር ብቻ ይሆናል። ረዓይቱ ሲመጡብሽ እኛ አለንልሽ።»

«ላስብበት» አልኩ።

«ሠላሳ ምስር ይዘሽ ምን ታስቢያለሽ?»

ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ጊዜ ሰጡኝ።

እውነቱን ለመናገር እሺ ልል ነበር። ለሰፈሩ አዲስ ነኝ፤ ከታላላቆቼ ፊት እሺ ከማለት ሌላ አልለመድኩም። ረቡዕ ዕለት ከሥራ መልስ ምስሮቼን ደጅ ካለው መደብ ላይ ዘርግቼ፣ የምሰጣቸውን ሃያ ፍሬዎች እለያለሁ። ክፍሏን ያከራዩኝ ሰውዬ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጠገቤ ቆሙ።

«ምን ትለቅሚያለሽ ልጄ? እንክርዳድ አለበት?»

ይሥቁብኛል ብዬ እያፈርኩ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። አልሣቁም። በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

«አሁን ጠላት አለሽ?»

«የለኝም፣ የኔታ።»

«ከቃል ኪዳኑ ስትገቢስ?»

«ረዓይቱ ጠላቶቼ ይሆናሉ።»

«እንግዲያ ከጠላት ሊጠብቁሽ መጀመሪያ ጠላት ሊሰጡሽ ነው።» ከምስሮቹ አንዷን አነሡ። «ጠበሉ የሚፈውሰው ማንን ነው?»

«የመጣውን ሁሉ።»

«ጠበል ወገን ከለየ ውኃ ነው።»

«ብቻዬን ብሆንስ ማን ያድነኛል?»

«እሱም እውነት ነው» አሉ፤ አላቃለሉትም። «ብቻሽን አትቁሚ። ወዳጅ ያዢ። ነገር ግን በሌለሽ ጦር አይደለም፣ ባለሽ ነገር ያዢው።»

ቅዳሜ ደረሰ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «አልገባም» አልኩ። «ከማንም ጋር አልዘምትም። የቆሰለ ሁሉ ግን መሣሪያውን ከመንደሬ በር አስቀምጦ ይግባ።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «መንደርሽ ዛሬ ታልቃለች» አሉ።

በዚያው ዙር ጫካውና ገደሉ ተዋጉ። ጸሐፊው የቆሰሉ ስድስት በቆሎዎችን ይዞ ከመንደሬ በር ቆመ፤ «ይገባሉ?» አለኝ። አስገባሁለት። ጎረቤቴም ዘጠኝ ሽንብራ አመጣች፤ ከበቆሎዎቹ ጎን አስተኛሁላት።

«ጠላት ታድኛለሽ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛውን መታ አድርገው።

«ቁስለኛ ነው የማድነው፣ ጋሼ።»

በሚቀጥለው ዙር ስልሳ ባቄላ አምጥተው መንደሬን ዙሪያውን ከበቧት። ጠበሉን ሊወስዱ ነው። ዳኛው ጣቱን ኩባያው ውስጥ ሊከት ሲል ጎረቤቴ «ቆይ!» አለች።

«ዘጠኝ ሽንብራዎቼ እዚያ ተኝተዋል። እኔ በዚህ ውጊያ የለሁበትም።»

«ቃል ኪዳናችንስ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ቃል ኪዳናችን በረዓይት ላይ ነው እንጂ በቁስለኞቼ ላይ አይደለም።»

ጸሐፊው ሃያ አራት በቆሎ አንሥቶ ከባቄላዎቹ ኋላ ደረደረ። «የእኔም ስድስት እዚያ አሉ» አለ።

ርዕሰ መምህሩ ካርታውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ባቄላቸውን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመሩ። ሠላሳ ምስሮቼ ከቦታቸው ንቅንቅ ሳይሉ ስልሳ ወታደር ተመለሰ! ልጮህ ምንም አልቀረኝም፤ ከንፈሬን ነክሼ ቻልኩት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ወደ ደጋቸው ሲመለሱ ረዓይቱ ከጠባቡ መተላለፊያ ላይ ጠበቋቸው። ዕጣው ሦስት ጊዜ ወጣ፤ ሦስቱም ጊዜ ከፋባቸው። ከስልሳው አርባው ቆሰለ። ካልዳኑ ደጋው በሚቀጥለው ዙር ይወድቃል። የሚድኑበት ቦታ አንድ ብቻ ነው።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ርዕሰ መምህሩን ጠበቅሁ። ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው እንደ ጦር ከመንደሬ በር ፊት አጋደሙት።

«እመቤቴ» አሉ። «መሣሪያችንን አስቀምጠናል። ቢፈቅዱልን እንገባለን።»

ከአንድ ሳምንት በፊት «አንቺ ልጅ» ያሉኝ ሰው ናቸው። ሲቀልዱ ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁት፤ አይቀልዱም።

«ይግቡ፤ ይዳኑ» አልኩ፤ ድምፄ አሁን አልተንቀጠቀጠም። አርባውን ባቄላ በራሴ እጅ አስገባሁ። ዳኛው ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ በመንደሬ ዙሪያ ክብ ሠራና «ይህችን መንደር ማንም አይነካም፤ እሷም ከማንም ጋር አትዘምትም» ብሎ ጻፈበት። ሦስቱም ፈረሙ። አርባ ጎጆዬን የሦስት ሀገር ጦር ሊጠብቅ ማለ።

ጎረቤቴ አላስቻላትም። ተነሥታ እልልታውን አቀለጠችው። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ዝናቡን እየሰነጠቀ ሮጦ መጣና በሩን በረገደው።

«ማን ወለደ?»

«ማንም አልወለደም» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ነርሷ አንድ ወታደር ሳታዘምት ሁላችንን ድል አደረገችን።»

ጥበቃው የተዘረጋውን ወረቀት፣ የተበተነውን ባቄላና በቆሎ አየ። አልሣቀም። ካፖርቱን አራግፎ ወደ እኔ ዞረና እጅ ነሣ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ።

ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«እንኳን አብሮ ደስ ያለን» አልኩት።