የማን አነጋገር ነው?

የታሰርኩበት ክፍል የቡና መጋዘን ነበር። በሩ ከኋላዬ ሲቆለፍ መጀመሪያ የተቀበለኝ የሻገተ ጀንፈል ሽታ ነው። የቴፒ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የያዙኝ ለሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌ የሽማግሌዎችን ተረት ስቀዳ፣ ትንሿ ቴፕ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለች ነበር።

አጠገቤ ከከተማው በላይ ካለች ቀበሌ የመጣ ገበሬ ተኝቷል። ጋቢውን አጋራኝ። እንዴት እንደታሰረ ስጠይቀው በቀበሌው ተረት እንደሚወራው አድርጎ ነገረኝ።

«ከቤት ወጣሁ። ወጥቼ መንገድ ገባሁ። መንገድ ገብቼ ያዙኝ።»

የዚያች ቀበሌ ሰው የጨረሰበትን ቃል መልሶ ሳይዝ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ስለዚህ አነጋገር አንድ ሙሉ ምዕራፍ ጽፌ፣ ሚዛን ከተማ በተከራየሁት ቤት አልጋዬ ሥር አስቀምጬ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ከዚያች ቀበሌ የመጣው እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ።

«ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ፣ ያውም እስከ ማስተርስ! ለመሆኑ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ በስውር የተቀዳ ካሴት የራሴው ቴፕ ውስጥ ከቶ ከፈተው። የሚሰማው በሜጋፎን የሚጮህ ሰው ነው። በዝናቡ የተነሳ ድምፁን የወለደችው እናት እንኳ አትለየውም።

«መሬቱን ለኩ። ለክተው አጠሩ። አጥረው ዘበኛ አቆሙ።»

አነጋገሩን ወዲያው አወቅሁት።

«ይሄ ሰው ከያዝናቸው አንዱ ነው» አለ መርማሪው። «የየት አገር ሰው እንደሆነ ብቻ ንገረኝ። ዛሬውኑ ሚዛን ትገባለህ።»

ፈራሁ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። የቀበሌዋ ስም አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። ቤቴን ፈትሸው ምዕራፉን ቢያነቡትስ?

«እስቲ ይድገሙልኝ» አልኩ። ደገመልኝ።

«ጌታዬ፣ ይሄ ከሚዛን እስከ ቴፒ በየገበያው የሚሰማ አማርኛ ነው። ከአነጋገሩ አገሩን መለየት አይቻልም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«የተማርኩት ይሄንኑ ነው።»

ጥፊው ከነወንበሬ ጣለኝ። ተነስቼ ወንበሩን አቆምኩና ተመልሼ ተቀመጥኩበት።

መጋዘኑ ስመለስ ገበሬው ፊቴን አየ። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ሄድክ። ሄደህ ተመለስክ» አለ።

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ዝም ይበሉ» አልኩት፣ በሩን እያየሁ።

እሱ ከእኔ ቀድሞ ተፈታ። ዳግም አልተገናኘንም።

ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። ለማስተርስ የሚመዘገቡ ልጆች ይህ ትምህርት ምን እንደሚያደርግላቸው ይጠይቁኛል። ጥያቄው የመርማሪው ነው። ሰውን ከአነጋገሩ ማወቅ ትማራላችሁ እላቸዋለሁ፤ እውነቴን ነው። እንደተፈታሁ ግን መጀመሪያ ያደረግሁት፣ አልጋዬ ሥር ያለውን ምዕራፍ አውጥቼ ማቃጠል ነበር። ያለ እሱ ተመረቅሁ።