መሳቢያ ውስጥ የዋለው ስልክ

የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በጭንቀትና በስልክ መልእክት ሱስ ላይ ነበር። ከተማችን ውስጥ ከአቦከር እስከ ጀጎል ቤት ለቤት ዞሬ መጠይቅ አስሞላሁ። ሲደመር፣ የሚጨነቁት ሰዎች ስልካቸውን ቶሎ ቶሎ የሚከፍቱት ሆነው ተገኙ። ደስ አለኝ፤ ስልክ ሰውን ያስጨንቃል ብዬ ደመደምኩ። አማካሪዬ የጽሑፉ ጠርዝ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «የትኛው ቀደመ?» ብሎ ጻፈበት። ነገር ፈላጊ ነው ብዬ አለፍኩት።

ከሞሉት ሁሉ በጭንቀትም በመልእክትም አንደኛ የወጡት አብሬያቸው የምኖር አክስቴ ነበሩ። ሽንኩርት እየላጡ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ስልኩን ያያሉ፤ ሰግደው እንደተነሱ ያያሉ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። እኔ ጠምጥሜ ነበርና መድኃኒት አዘዝኩላቸው።

«አክስቴ፣ ከቀትሩ ዙህር እስከ ማታው መግሪብ ስልኩ ይዘጋ። ጭንቀትዎ ይቀንሳል።»

«የአፎቻው መልእክት ቢመጣስ?»

«ማታ ያዩታል።»

«እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አሉና ሰጡኝ። ዘግቼ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

አፎቻ በሐዘንም በሰርግም የምንረዳዳበት ማኅበራችን ነው። ድሮ ሰው ሲሞት ጠሪ በየበሩ ይዞር ነበር፤ አሁን በስልክ ግሩፕ ይነገራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ጀናዛ አይቆይም፤ ሟች በዕለቱ ይቀበራል።

በሦስተኛው ቀን ከመግሪብ በኋላ ስልኩን ስከፍት የአክስቴ የልጅነት ጓደኛ ማረፋቸውን አነበብኩ። ለወራት ታመው ነበር። ሁለቱ ሴቶች ቃል ተገባብተዋል፤ ቀድማ የሞተችውን የቀረችው ከቀብር በፊት በእጇ ልታጥባት። ከመልእክቱ ሥር የሟች ልጅ «እርስዎን እየጠበቅን ነው፣ የት ደረሱ?» ብላ ሦስት ጊዜ ጽፋለች። አክስቴ ሁሌ ከሁሉ ቀድመው ስለሚያዩ ሰው መላክ ያሰበ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ካለው የአስር ሰላት ቀጥሎ ተቀብረዋል።

ስነግራቸው «አላህ ይርሀማት» አሉ። «ማን አጠባት?» ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ያን ሁሉ ወር ስልኩን ያዩ የነበረው ይህችን ቀን ፈርተው ነው። መጠይቄ ስንት ጊዜ እንደሚከፍቱት ጠይቋቸዋል፤ ምን እንደሚጠብቁ አልጠየቃቸውም።

የቀደመው ጭንቀቱ ነው ብዬ ጽሑፌን ቀየርኩት፤ አማካሪዬም ወደደው። አክስቴ ግን አሁን ቀኑን ሙሉ ስልካቸውን ሳይነኩ ይውላሉ። ሳቀብላቸው «ምን ላይበት ልጄ?» ይላሉ። በእኔ መጠይቅ ቢለኩ ድነዋል።