ድፎውን ማን ይቁረስ

ትናንት በከተማችን ዩኒቨርሲቲ አጥር ጀርባ ሳልፍ በእሳት የተለበለበ የኮባ ቅጠል ሸተተኝ። አንዲት ሴት የመስቀል ድፎ እየጋገረች ነበር። ሽታው በደርግ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ወደነበረው ቤታችን ወሰደኝ።

አንድ ዓመት መስቀል ሲደርስ፣ የዘመተው አባቴ ደብዳቤ መላክ ካቆመ ወራት አልፈው ነበር። እናቴ ግን የጎረቤት ድርሻ እንዳያንስ ብላ እንደ ወትሮው ትልቅ ድፎ ጋገረች። በቤታችን ዳቦ የሚቆርሰው አባወራው ነው። ስለዚህ ቢላዋውን ለሽማግሌው ጎረቤታችን ለጋሽ ሰይድ አቀረበችላቸው።

ጋሽ ሰይድ አልተቀበሏትም።

«እታለም፣ እኔ ከቆረስሁት እኮ ባልሽ የለም ማለቴ ነው።»

«ታዲያ ልጆቹ እያዩት ይዋሉ?»

«አንቺው ቁረሽው፤ እኔ ዱዓ አደርጋለሁ። ደግሞ የእኔን እንዳታሳንሺው፤ ጥርስ ባይኖረኝም ሆድ አለኝ።»

እናቴ ሳቀች። ዳቦ ቆርሳ ባታውቅም ድፎውን ራሷ ቆረሰችው። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለአባቴ ብላ መሶቡ ውስጥ አስቀመጠች፤ ከዚያ ለጋሽ ሰይድ፣ ከዚያ ለእኛ ሰጠች።

አባቴ የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አናውቅም። እናቴ ግን በየመስቀሉ መጀመሪያ የምትቆርሰው የእሱን ድርሻ ነው፤ ማናችንም አንነካውም።